ማን ተረዳ?

እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ልጆቼን ሳሳድግ አርጩሜ መያዜ ትዝ አይለኝም። ጎረቤት ሲጣላ መሀል የምገባ እኔ ነኝ፤ የሰው ላም ማሳዬ ገብታ ስትበላ «ተዋት፣ እሷ ድንበር መቼ ታውቃለች» ብዬ በቀስታ የማወጣት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ግን ተቆጥቻለሁ። ንዴቱ መስቀልን ተሻግሮ፣ ገናን ተሻግሮ ይኸው እስካሁን ደረቴ ላይ ተቀምጧል። ከሰው ጋር ብጣላ ኖሮ ሽማግሌ ይገባ፣ ይቅር እንባባል፣ ያልቅ ነበር። የተጣላሁት ግን ፊት ከሌለው ነገር ጋር ነው። ፊት የሌለው፣ የሞተ ሰው ስም ለብሶ የመጣ ነገር።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው እንጂ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ስለዚህ ስለ ኮምፒውተር የምጽፈው እንደገባኝ ነው። ያልገባኝንም አልገባኝም እላለሁ።

እግሬ አያርፍም፤ ይሄን የማያውቅ የለም። አንዷ ልጄ ትዳሯ ደጎሎ ነው፣ አንዷ አቀስታ። ደጎሎ ገብሱ እስኪገባ እሰነብታለሁ፤ አቀስታ ብርዱ አጥንቴን ሲነካው ተነስቼ መካነ ሰላም እወርዳለሁ። መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ሳይገኝ በእግር። ቤትሽ የት ነው ሲሉኝ «ወዲያ ነው» እላለሁ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ስሄድ ብገኝ።

መካነ ሰላም ያለችው የልጅ ልጄ ናት፣ ልብስ ሰፊ። የወንዱ ልጄ ልጅ። አባቷ እሷ የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ዓረብ አገር ሄደ፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ቀጥሎ በዓል ሲሆን ይደውል ነበር፣ ኋላ ጠፋ። ሞተ እንዳንል መርዶ አልመጣ፣ አለ እንዳንል ድምፁ የለ። ልጅቱ ያደገችው አንድ ጥያቄ ይዛ ነው፤ ምን ብበድለው ነው ዝም ያለኝ የሚል። ልጅ እንዲህ ነው፤ ሰው ዝም ሲለው ጥፋቱን ከራሱ ይፈልጋል።

የመካነ ሰላሙ አስፋልት መንገድ ሲሠራ፣ የሚሠሩት ቻይናዎች ከከተማው ወጣ ብሎ ካምፕ ነበራቸው። ልጅቱ ስፌት ሳትጀምር እዚያ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ከቻይናዎቹ መሀል አንድ ሽማግሌ ቀያሽ ነበሩ። ቀን ሦስት እግር ባለው ነገር ላይ ባቆሙት መነጽር እያዩ መንገዱን ሲለኩ ይውላሉ፤ ሥራ ሲያበቃ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። የሚያጫውታቸው ሰው አጡ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ልጅቱን ጠርተው የኮምፔንሳቶ ጣውላ ላይ መስመር አሰመሩ፣ ከገበያ ጥቁርና ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አስገዙ፣ አስተማሯት። ጨዋታው ጎ ይባላል።

አጨዋወቱ ለማየት ቀላል ነው። መስመሮቹ በሚገናኙበት ላይ ተራ በተራ ቁልፍ ታኖራላችሁ። አንዴ የተቀመጠ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ዙሪያውን የተከበበ ትንፋሹ ያልቅና ይነሳል። መጨረሻ ላይ ሰፋ ያለ መሬት ያጠረ አሸነፈ። እንዲህ ብላ ስታስረዳኝ፣ ይሄንንማ እኛ ፍርድ ቤት ነው የምንጫወተው አልኳት። ሳቀች። እኔንም አስተማረችኝ፤ ግን መሬት አጥሬ አላውቅም። እዚህም እዚያም አንዳንድ ቁልፍ ጣል እያደረግሁ እዞራለሁ። «እምዬ፣ እንደ እግርሽ ነው የምትጫወቺ» ትለኛለች።

አንድ የወደድኩላቸው ነገር ነበር። ዙሪያው ገና ያልተዘጋ ቁልፍ፣ ማምለጫ የሌለው መሆኑ ግልጽ ቢሆንም፣ ቶሎ አይነሳም። ጨዋታው እስኪያልቅ ከነክብሩ ቦታው ላይ ይቆያል። ሲያልቅ ሁለቱም ጣውላው ላይ ጎንበስ ይሉና አንዱ በጣቱ እያሳየ «ይሄ ሞቷል» ይላል፣ ሌላው «አዎ፣ ሞቷል» ሲል ነው የሚነሳ። ሁለቱም ካልተስማሙ አልሞተም። ሽማግሌውና ልጅቱ ቋንቋ ሳይኖራቸው በዚህ ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ እሳቸው በቻይና፣ እሷ ባማርኛ፣ በመጨረሻው ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

መንገዱ አለቀ፣ ካምፑ ተነቀለ። ሽማግሌው ጣውላውን ለልጅቱ ትተው አገራቸው ገቡ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ስልኳ ላይ ጨዋታውን አስገቡላት። ከዚያ ወዲያ እሳቸው እዚያ፣ እሷ እዚህ ሆነው ይጫወቱ ጀመር። አንድ ቁልፍ ያኖራሉ፣ እሷ በማግስቱ ታኖራለች። አንዱ ጨዋታ አንድ ጾም ሙሉ ይፈጃል። ቁልፍ ከማኖራቸው በፊት ካምፕ የለመዱትን አማርኛ በፈረንጅ ፊደል ይጽፉላታል። እንዴት አደርሽ፣ እምዬ ደህና፣ ስፌት ደህና። እኔ ደጎሎም ሆንኩ አቀስታ፣ «ሽማግሌው ጠይቀውሻል» ብላ ትደውልልኛለች። የማላውቀው አገር ያለ ሰው በየቀኑ ደህንነቴን ይጠይቅ ነበር። የገዛ ልጄ እንዲህ አልጠየቀኝም።

ስልኩ ራሱም ይጫወታል። ሰው ሳይኖር ማለት ነው። ፕሮግራም ይሉታል። ይሄ ፕሮግራም፣ ልጅቱ እንዳለችኝ፣ ከራሱ ጋር እየተጫወተ ተምሮ የዓለሙን ሻምፒዮን ሁሉ አሸንፏል። አንድ ጊዜ ሽማግሌው ከሱ ጋር ለምን እንደማይጫወቱ ጠይቃቸው፣ ከወንዝ ጋር መታገል ነው፣ ወንዙ መታገልህን አያውቅም ብለዋት ነበር፣ በአስተርጓሚ። እኛ እዚህ ከአባይ ገደል አፋፍ የምንኖር ሰዎች ይሄ ይገባናል።

ባለፈው ክረምት ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ሲመጣ ለጥቂት ቀን፣ ሲሄድ እስኪረሳ። በዚያ መሀል የሽማግሌው ሰላምታ አጠረ። «እምዬ ደህና» ቀረ፤ ቀጥሎ «እንዴት አደርሽ» ቀረ። ልጅቱ ኔትወርኩ ነው የበላው ብላ ጠበቀች። መስከረም ላይ መስመሩ ሲደላደል ጨዋታው ደህና አድርጎ መጣ። ቁልፉ ይመጣል፤ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ይፈጥናል፣ እሷ አኑራ እጇን ሳታነሳ መልሱ ይደርሳል። ሰላምታ ግን የለም።

እኔ አቀስታ ነበርኩ። ለመስቀል ስወርድ ልጅቱን ሳያት ደነገጥኩ፤ አንገቷ ቀጥኗል። የሰው ቀሚስ በግልባጭ ሰፍታ ታፈርሳለች። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ ሽማግሌው ተቀይመውኛል አለች። ኔትወርክ ጠፍቶ ሳልመልስላቸው ስለከረምኩ፣ የናቅኳቸው መስሏቸው ነው አለች። የጻፈችላቸውን አነበበችልኝ። «ይቅር በሉኝ። መስመር ጠፍቶብኝ ነው እንጂ ረስቼዎ አይደለም። እምዬም ሰላም ብላለች።» ሌላም፣ ሌላም። በያንዳንዱ ሥር መልስ የለም። ብቻ ቁልፍ ይቀመጣል። ይቅርታ ትላለች፣ ቁልፍ። ምን በደልኩዎ ትላለች፣ ቁልፍ። አጨዋወቱ ደግሞ የሳቸው ነው፤ ጥጉን መውደዳቸው፣ ዘለል ብለው ከጀርባ መምጣታቸው፣ ሁሉም። እሳቸው ባይሆኑ ኖሮ ታውቅ ነበር።

እኔም አመንኩ። በሽማግሌው ተናደድኩ እንኳ፤ ትልቅ ሰው እንዲህ ቂም ይይዛል ወይ ብዬ።

አንድ ቀን ልጅቱ ክር ልትገዛ ወጥታ ሳለ የካምፑ አስተርጓሚ የነበረው ሰው ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ያኔ ወጣት ነበር፣ አሁን የልጆች አባት ሆኖ ባጃጅ ይነዳል። ከቻይናዎቹ ጋር አሁንም በስልክ ይገናኛል። ሱሪውን ተቀብዬ አጠገቤ አስቀመጥኩትና ሆዴን ተነፈስኩለት። ሽማግሌው ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የከረሩት አልኩት፤ ልጅቱ ይቅርታ ስትል ከረመች፣ ቁልፍ ያኖራሉ፣ ሰላምታ ግን ነፈጓት አልኩት።

እሱ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሳንቲም እያወጣ፣ እንደ ዋዛ፣ «እማማ፣ ፕሮግራሙ ሰላምታ ምን ያውቃል። እሱ የተረዳው የሳቸውን አጨዋወት ብቻ ነው» አለኝ።

እኔ የሰማሁት አንዱን ቃል ብቻ ነው። ተረዳ። ትምህርት ቤት የገቡት ተረዳ ሲሉ ገባው ማለታቸው ነው፤ ትምህርቱን ተረዳ፣ ነገሩን ተረዳ ይላሉ። እኛ ዘንድ ግን ሰው የሚረዳው መርዶ ነው። እገሊት ተረዳች ከተባለ ሰው ሞቶባታል፣ ነግረዋታል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም አይመጣልኝም። እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ።

«ማን ሞተባቸው?» አልኩት። «ማን ነው የተረዳ?»

ሰውየው ሳንቲሙን እንደያዘ ቀረ። መጀመሪያ ጥያቄዬ አልገባውም። ቀጥሎ እኔ ምንም እንደማላውቅ ገባው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«እማማ፣ ያውቃሉ ብዬ እኮ ነው።»

ከዚያ ወዲያ በውድ ሳይሆን በጉትጎታ ነው ያወጣሁት። ሽማግሌው ሞተዋል። ክረምት ላይ፣ ከፍልሰታ በኋላ። ልጃቸው የኮምፒውተር ሰው ነው፤ አባቱ ዕድሜ ልካቸውን የተጫወቱትን ጨዋታ ሁሉ ሰብስቦ ለፕሮግራሙ አበላው፤ ፕሮግራሙም እሳቸውን መስሎ መጫወት ቻለ። ከዚያ በአባቱ ስም አስቀመጠው። ኢትዮጵያ ያለችው ልጅ እንዳታዝን ብሎ። አስተርጓሚውንም አትንገራት ብሎ አደራ አለው።

እንዳታዝን ብሎ። ይሄን ቃል ነው ያልዋጥኩት። እንዳታዝን ብለው ይቅርታ አስለመኗት። እንዳታዝን ብለው ያልበደለችውን ሰው ምን በደልኩዎ አስባሏት፣ ያውም የሚሰማ ጆሮ ለሌለው። የኔ ልጅ እንባዋን እያፈሰሰች ስትጽፍ ያ ነገር ምን እያደረገ ነበር? ቁልፉን የት ላስቀምጥ እያለ ይቆጥራል። ቢሰድባት እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ የሚሰድብ ሰው ሰምቷል። ሱሪውን ጭኑ ላይ ወረወርኩለት። ሰው ላይ ዕቃ ወርውሬ አላውቅም። ሂድ፣ ሌላ ሰፊ ፈልግ አልኩት። ሄደ።

ለልጅቱ እናት፣ ለምራቴ ነገርኳት። ከኔ በላይ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጉልት ላይ ያቀረበችውን ቲማቲም እያገላበጠች፣ ተዪው አለችኝ። ልጅቱ ትጫወት፣ ምን ጎደለባት አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣

«እኛስ ምን እናደርጋለን፣ እማዬ? ዓረብ አገር ያሉት ደውለው አባቴ የት አለ ሲሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል እንላለን። ተኝተዋል እንላለን። ሰውየው አፈር ከገባ ከርሟል። ቻይናዎቹ ከኛ ተምረው እንደሆነስ?» አለች።

ነገሯ ሥጋዬን ወጋኝ፤ ውሸት የለበትማ። ሰው ባዕድ አገር ብቻውን ሆኖ መርዶ እንዳይሰማ እንደብቃለን፤ አጠገቡ የሚይዘው ሰው እስኪኖር፣ አገሩ እስኪገባ። ግን ቆይ አልኳት። እኛ ስንደብቅ የሟቹን ድምፅ አስመስለን በስልክ አናወራም። ተኝተዋል ብለን ዝም እንላለን እንጂ «ልጄ፣ እኔ ነኝ» አንልም። ደግሞም የምንደብቀው ልንነግር ነው። ቀን እንጠብቃለን፣ ሰው እንሰበስባለን፣ ጠዋት በሩን እናንኳኳለን። እነዚህ ለየትኛው ቀን ነው የሚጠብቁት? ያ ነገር አያረጅ፣ አይታመም። እኔ ሞቼ፣ አንቺ ሞተሽ፣ ልጅቱ አርጅታ ትጫወታለች፤ ሽማግሌው እንደተቀየሟት ትኖራለች። የአባቷ ዝምታ አንሷት ሌላ ዝምታ ጨመሩላት፣ ያውም በየቀኑ የሚቀመጥ ዝምታ።

ምራቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም። «እንግዲያ ማን ሊያረዳት ነው?» ብቻ አለች።

መርዶ ብቻውን አይነገርም። የሟች ሰው ያስፈልጋል። የቻይና ዘመድ ከየት ይመጣል? ቢሆንም ተነሳሁ፤ መዞር ደግሞ ሥራዬ ነው። የካምፑ ዘበኛ የነበሩትን ሰውዬ ከከተማው ዳር ካለው ቤታቸው አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው የፕሮግራሙ ጉዳይ አልገባቸውም፤ «ሽማግሌው ሞቱ?» ብለው ጋቢያቸውን ሳቡ፣ ሌላውን አልጠየቁኝም። ለካምፑ እንቁላል ታቀርብ የነበረችውን ሙስሊም ጎረቤታችንን ነገርኳት፤ እንቁላሉን እንዳለ ትታ ልትከተለኝ ስትነሳ ነገ ጠዋት ነው ብዬ መለስኳት። አስተርጓሚውንም ባጃጁ ላይ ሄጄ ያዝኩት። አልመጣም እንዳይል በልጆቹ አማልኩት። ሁሉንም ሰው ስጠራ ድምፄ ቁጣ ነበረበት፤ ሰዎቹ የተቆጣሁባቸው መስሏቸው ይሆናል። ይሁን።

ሲነጋጋ መጡ። እኔ ከልጅቱ ጋር ነው ያደርኩት፣ በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩላቸው። ምራቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ተደርድረው ተቀመጡ። ልጅቱ ከመኝታዋ ተነስታ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣች፤ ዘበኛውን አየች፣ እንቁላል ሻጯን አየች፣ የእናቷን ነጠላ አየች። ማንም አፉን ሳይከፍት መሬት ተቀመጠች።

«አባቴ ነው አይደል?» አለች።

እኔ ይሄን አላሰብኩም። ሁሉን አስቤ ይሄን አላሰብኩም። ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ቤቷ ሲገባ ልጅቱ ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው የማንን መርዶ ነው? እንቁላል ሻጯ አፏን በሻሿ ያዘች። ተንበርክኬ ትከሻዋን ያዝኳት።

«አይደለም፣ የኔ ሸጋ» አልኳት። «የአባትሽን ዛሬም አላውቅም። ሽማግሌው ናቸው። ሽማግሌው ዐረፉ።»

ዞራ ስልኳን አየች።

«ትናንት ተጫውተናል እኮ» አለች።

አስተርጓሚው ነገራት። መሬት መሬት እያየ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እኔ በመሀል በመሀል እየገባሁ እንዳያለሳልስ ገሰጽኩት። ልጁ፣ ፕሮግራሙ፣ ስሙ፣ አደራው። ሲጨርስ ልጅቱ ገና አላለቀሰችም ነበር። በሐሳቧ ወደ ኋላ ሄዳ አንድ ነገር ስትቆጥር ቆየች።

«እንግዲያ አልተቀየሙኝም» አለች። ያኔ አለቀሰች።

እውነተኛ ለቅሶ ሆነ። ዘበኛው ተነስተው የሽማግሌውን ነገር አወሱ፤ ዝናብ ሲጥል ከመኪናቸው ወርደው ለሳቸው ለዘበኛው ጃንጥላ ይዘው እንደመጡ፣ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱን «አንተ» ወንዱን «አንቺ» እንደሚሉ። እንቁላል ሻጯ ኢናሊላሂ ብላ፣ «ወላሂ፣ አንድ ቀን ተከራክረውኝ አያውቁም፤ የተሰነጠቀውንም እንቁላል ይወስዱልኝ ነበር» አለች። በለቅሶው መሀል ተሳቀ። ጎረቤት ድምፅ ሰምቶ መጣ፤ ማን ሞተ ሲል የመንገዱ ቻይና ተባለ፤ እሱም ነፍስ ይማር ብሎ ተቀመጠ። የት ነው ሰው ለቅሶ ተሳስቶ ደርሶ የሚመለስ?

ለሽማግሌው ልጅ ደውልልኝ አልኩት አስተርጓሚውን። ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። ለስድብ የማልሆን ሰው ነኝ፤ ቃሉን ስመርጥ ነው ያደርኩት። አባትህን አፍነህ አስቀመጥካቸው ልለው ነበር። ስማቸውንም ጨዋታቸውንም ልትሸጥልን ነበር ወይ ልለው ነበር። ምስሉ ስልኩ ላይ መጣ። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፣ እኔ ወጣት አድርጌ ጠብቄው ነበር። ከኋላው ባዶ ግድግዳ። ቤታችንን የሞላውን ሰው አየና አስተርጓሚውን አንድ ነገር ጠየቀው።

«ሰዎቹ ምን ሆነው ነው የተሰበሰቡት ነው የሚል» አለን አስተርጓሚው።

ለአባቱ ነው በለው አልኩት። አለው። ስድቤን ልጀምር ስል ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

«አንተንስ ማን አረዳህ?»

አስተርጓሚው ይሄን እንዴት አድርጎ እንዳለው አላውቅም፤ ብዙ ነገር ተናገረ፣ እጁንም አወናጨፈ። ሰውየው አጠር አድርጎ መለሰ። ከሆስፒታሉ በስልክ መልእክት ነው የመጣልኝ አለ። ሥራ ላይ ነበርኩ አለ። ከዚያ ወዲህ እሱም ማታ ከሥራ ሲገባ ከዚያ ፕሮግራም ጋር እንደሚጫወት ነገረን። ልጅ ሆኖ አባቱ ሊያስተምሩት ሲፈልጉ እምቢ ብሎ ነበር፣ አሁን ነው የሚማረው።

እንቁላል ሻጯ ስልኩን ከአስተርጓሚው እጅ ሳበችና «አብሽር፣ የኔ ልጅ፣ አብሽር» አለችው። አስተርጓሚው ይሄ ቃል በቻይና የለም አለ። ፈልግለት አለችው። ሲፈልግ ሰውየው ስልኩን ወደ ላይ አዞረው፤ ጣሪያ ብቻ ታየን። ድምፁ ግን ይሰማል። እኛም ጣሪያውን እያየን አብረነው ቆየን።

ቁጣዬ በዚያ አልበረደም። ይበርዳል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ሰውየው ካለቀሰ፣ እሱም የሐዘን ቤት ከሆነ፣ ተዪው ይሉኛል። ለሱ ትቼለታለሁ። እሱ ሰው ነው። የማልተወው ቀጥሎ የመጣውን ነው።

ልጅቱ እንባዋን ጠርጋ ስልኩን ወሰደችና አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ አለች። የመጨረሻው ጨዋታ፣ ክረምት ላይ የተጫወትነው፣ ከቁልፎቹ የሳቸው የትኞቹ ናቸው?

መልሱ ቆይቶ መጣ። ያን ጊዜ ሆስፒታል ነበሩ። መጀመሪያ ራሳቸው ያኖሩ ነበር። ሲደክሙ በጣታቸው ያሳዩትና እሱ ያኖርላቸዋል። ጣታቸው ሲደክም ፕሮግራሙን አባቴ የት ያኖር ነበር ብሎ ይጠይቅና ስልኩን ፊታቸው ይይዘዋል፤ እሳቸው አንዳንድ ጊዜ ዓይናቸውን ይከድናሉ፣ እሱ ያንን እሺታ አድርጎ ይወስደዋል። ቀጥሎ ዓይናቸውም አልተከፈተ። የት ላይ እንደሆነ አላስታውስም አለ። ይቅርታ አለ፣ እሱ።

ይኸው ነው ንዴቴ። ድንበር ጠፋ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ሰዓቱ ይታወቃል፤ ውኃ አጠጣኝ አለ፣ ወደ ግድግዳ ዞረ፣ ይባላል። ከሞቱ አሟሟቱ የምንለው ለዚህ ነው። ያ ነገር ገብቶ የሽማግሌውን የመጨረሻ እጅ ከራሱ እጅ ጋር ሰፋው። ስፌቱም አይታይ። የኔ ልጅ ሰፊ ናት፤ የማንንም ልብስ ገልብጣ ስፌቱ የቱ ጋ እንደተቀጠለ ታገኛለች። ይሄን ግን አጣችው።

ሰው ሲበተን ጣውላውን አወጣች። ስልኩን እያየች ያን ጨዋታ ከመጀመሪያው ጀምራ በቁልፍ ደረደረችው፤ የሷን ጥቁር፣ የሳቸውን ነጭ። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዳንዱ ጋ ትቆማለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ትቀጥላለች። አንድ ነጭ ቁልፍ ካኖረች በኋላ ስልኩን ዘጋችው። ጨዋታው ገና ነበር፤ ጣውላው ላይ ሰፊ ቦታ ቀርቷል።

«እስከዚህ እሳቸው ናቸው» አለች።

በምን አወቅሽ አልኳት።

«አላወቅሁም» አለች። «እኔ ነኝ የወሰንኩ።»

ድምጿ ውስጥ የኔን ቁጣ ሰማሁት። ደስ አለኝ።